ኮረብታ ላይ የወጣው የጎልፍ ክለብ ቤት

ያንን ቤት ከነጣሪያው፣ ከነመስኮቱና ከነወለሉ ከቆመበት አንስቼ ኮረብታ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ ብረት ያስገባው፣ ክሪክ ያስነሳው፣ የሚጎትተውን መኪና የነዳው ሌላ ሰው ነው፤ የእሱን ድካም አልክድም። “ይነሳ” ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያን ሰሞን ሌላ “ይነሳ” የሚል ሰው አልነበረም። ስለዚህ የቤቱን ታሪክ ሳወራ እንደ እንግዳ አላወራም። ከዕቃ አጣቢነት ተነስቼ ሥራ አስኪያጅ የሆንኩበት ቤት ነው። የትኛው ጣውላ ሲረገጥ እንደሚጮህ፣ የትኛው መስኮት በብርድ ጊዜ አልከፈት እንደሚል ዐውቃለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ጎልፍ ምን እንደሆነ በቅጡ አላውቅም ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ክለብ ዕቃ አጣቢ እንደሚፈልግ የነገረችኝ እሷ ናት። ሥራውን ባገኘሁ ማግስት አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልኩና፣ ክለብ ውስጥ ተቀጠርኩ አልኳት።

“ምን ዓይነት ክለብ?” አለችኝ።

“የጎልፍ።”

“ማታ ነው ቀን?”

“ቀን ነው እማዬ። ሽማግሌዎች ናቸው። ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ሲከተሏት ይውላሉ።”

“እንደ ገና ጨዋታ?”

“እንደ ገና ጨዋታ። ግን አይሯሯጡም፤ አይፈነካከቱምም።”

“እንግዲያው ለጎረቤት ሆቴል ነው የምላቸው” አለችኝ። እሷ እንዳለችውም ሆነ፤ ሰፈራችን ውስጥ ዛሬም ድረስ የሆቴል ሠራተኛ ነኝ።

ክለቡ ያለባት ትንሽ ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ በስተሰሜን ናት። ዋናው መንገዷ ገና ጀመረ ሲባል ያልቃል፤ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ፖስታ ቤት፣ ከዚያ እርሻ ነው። ባሱ የሚያደርሰኝ እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ በመኪናቸው የሚወስዱኝ የክለቡ ዋና ወጥ ሠሪ ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ያኔ ስድሳን የተሻገሩ፣ ረዘም ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። እኔ ግን ያኔም ዛሬም በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማናግራቸው፤ ስለዚህ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

የቤቱን ታሪክ የተማርኩት እዚያች መኪና ውስጥ ነው። ሬዲዮ አይከፍቱም፤ ያወራሉ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበረ ያልገባኝን ደግመው ይነግሩኛል። አንዳንዱን ታሪክ ሦስት አራቴ የሰማሁት ስለዚህ ነው፤ ደግመው ሲነግሩኝ አንድም ነገር አይለዋወጥም ነበር።

ቤቱ ሲሠራ ለክለብ ተብሎ አልተሠራም። የወተት ላም ያረባ የነበረ ገበሬ ከነልጆቹ የኖረበት፣ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ምድርና ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ገበሬው አረጀ፤ ልጆቹም ከተማ ገቡ። ያን ጊዜ የከተማዋ ሐኪም፣ ባለሱቁና የፖስታ ቤቱ ኃላፊ፣ ዋሽንግተን የሚኖሩ ሀብታሞች የሚጫወቱትን ጨዋታ እኛስ ለምን አንጫወትም ብለው መሬቱን ገዙ። ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ዘጠኝ ባንዲራ ተክለው ክለብ አሉት። ሣር የሚያጭዱበት መኪና ስላልነበራቸው ላሞቹ እዚያው እንዲግጡ ተስማሙ። ኳሱ እበት ውስጥ የገባበት ሰው ምን ያድርግ ተብሎ ጉባኤ ተጠርቶ፣ አንስቶ ጠርጎ ይምታ፣ አይቆጠርበት ተብሎ ተወሰነ። የክለቡ የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው።

የገበሬው ምግብ ቤት አዳራሽ ሆነ፤ ፎቅ ላይ ያሉት መኝታ ቤቶች የወንዶች ልብስ መቀየሪያ ሆኑ። ሴቶች ወደ ፎቅ መውጣት ቀርቶ አዳራሹ ውስጥም በበዓል ካልሆነ አይቀመጡም ነበር። እነሱም ዝም አላሉም። ኬክ እየጋገሩ እየሸጡ፣ የቤቱን ፊት ከጥግ እስከ ጥግ የሚይዝ ሰፊ በረንዳ አሠሩና ወንበራቸውን እዚያ አወጡ። በኋላ ከቤቱ ሁሉ የሚወደደው ቦታ በረንዳው ሆነና ወንዶቹ ለመቀመጥ ማስፈቀድ ጀመሩ። ወጥ ሠሪዋ ይህን ሲነግሩኝ ሁልጊዜ በሳቅ ነበር።

የእናታቸውን ታሪክ ሲነግሩኝ ግን አይስቁም። እናታቸውም እዚያው ቤት ወጥ ሠሪ ነበሩ። ያን ዘመን የጨዋታ ዱላ የሚሸከሙት፣ ሣር የሚያጭዱት፣ ምግብ የሚሠሩት በሙሉ ጥቁሮች ናቸው፤ ከእነሱ አንድም ሰው በፊት ለፊት በር አይገባም፤ አዳራሹ ውስጥም ቁጭ ብሎ አይበላም። መግቢያቸው ከቤቱ ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለች ጠባብ በር ናት። አንድ የብርድ ቀን ጭስ ማውጫው ውስጥ እሳት ተነስቶ ጣሪያውን ያዘው። መጀመሪያ ጭሱን ያሸተቱት እናታቸው ነበሩ። በዚያች በር ሮጠው ወጥተው፣ ተጫዋቾቹን ለምሳ የሚጠሩበትን ደወል እስኪበጠስ ደወሉት። ከተማው ተሰብስቦ በባልዲ ውሃና በበረዶ አጠፋው። አዳራሹ ውስጥ ቤቱ የተረፈ ቀን የተነሳ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር፤ ወንዶች ጥላሸት በጥላሸት ሆነው በረንዳው ላይ ቆመዋል።

“እናቴ እዚህ ውስጥ የለችም” አሉኝ አንድ ቀን ፎቶግራፉን እያሳዩኝ። “ያን ሰዓት ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች ሾርባ እየሠራች ነበር።”

ዓመታት አለፉ። ከዕቃ ማጠቢያው ወደ አስተናጋጅነት፣ ከዚያ ወደ ግብዣ አዘጋጅነት አለፍኩ። አገባሁ፤ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በመጨረሻም የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። ሕጉም ከተለወጠ ቆይቷል፤ ጥቁር አባላት አሉ፤ ሴቶች ፎቅ ይወጣሉ። ወጥ ሠሪዋ ግን ጡረታ እስከወጡ ድረስ በጓሮ በር ነበር የሚገቡት። ሥራ አስኪያጅ በሆንኩ ሰሞን፣ ዝናብ እየዘነበ፣ እቅፋቸው ሙሉ አትክልት ይዘው ቤቱን ሲዞሩ አየኋቸው። የፊቱን በር ከፍቼ ጠራኋቸው።

“በዚህ ይግቡ እንጂ! በሰበሱ እኮ!”

“ግድ የለም፤ በዚያ እገባለሁ።”

“አሁን እኮ ማንም አይከለክልዎትም።”

ዝናቡ ውስጥ ቆም አሉ። “ማንም እንደማይከለክለኝ ዐውቃለሁ” አሉኝ። “እናቴን የከለከሏት ሰዎች አንድም ቀን አጠፋን ሳይሉ ነው የሞቱት። አሁን በዚህ በር ብገባ፣ ነገሩ ተዘጋ ማለት ይሆንብኛል። እኔ አልዘጋሁትም።” ከዚያ ዞረው በጓሮ ገቡ። እኔም ሁለተኛ ይግቡ ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ቤቱ የቆመው ከአንዲት ጅረት አጠገብ ነው። ገበሬው ለላሞቹ ውሃ ሲል ነው እዚያ የሠራው። ጅረቷ ድሮ ልጆች የሚዘሏት ነበረች። ከላይ በኩል አዳዲስ ቤቶችና የመኪና ማቆሚያዎች ሲሠሩ ግን የዝናቡ ውሃ ሁሉ ወደ እሷ ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ከወለሉ ሥር ያለውን ቤዝመንት አጥለቀለቀው። ቀጥሎ በረንዳው ደረጃ ላይ ደረሰ። አንድ የበጋ ማለዳ መጥቼ በሩን ስከፍት አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ውሃው ጉልበቴ ድረስ ነበር። መጀመሪያ ያደረግኩት ፎቶግራፎቹን ከግድግዳ ማውረድ ነው፤ ደረቴ ላይ ደራርቤ ፎቅ አወጣኋቸው።

የቦርዱ ሊቀመንበር የከተማዋ ጥርስ ሐኪም ነው። መልካም ሰው ነው፤ ግን ነገር ሲበላሽ ነቅሎ መጣል ይቀናዋል፤ ከሙያው ሳይሆን አይቀርም። ውሃው በጎደለ ሳምንት ቦርዱን ሰብስቦ የአዲስ ሕንፃ ሥዕል አሳየን። ኮረብታው ላይ የሚሠራ፣ ከእግር እስከ ራሱ መስታወት የሆነ ነገር ነው።

“አሮጌውን እናፈርሰዋለን” አለ። “ከዚህ በኋላ እሱን ማድረቅ ሰለቸኝ። ከፊት በሩ እንጨት ቆርጠን ለአባላቱ መታሰቢያ እንሰጣለን።”

ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የቦርድ አባል ስላልሆንኩ ድምፅ የለኝም፤ እጄን ግን አወጣሁ።

“ኮረብታው ላይ ቦታ ካለ፣ ቤቱን ራሱን ለምን እዚያ አንወስደውም?”

ሳቁ። ከልብ የሆነ፣ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ተዘግቶ ቆሜ ነበር። አደጋ ደርሶ መስሎኝ ከመኪና ወርጄ ባይ፣ አንድ ሙሉ ቤት መንገዱን ሞልቶ ይመጣል። መጋረጃው እንኳ አልወረደም። ከፊቱ አንድ ሰው የኋሊት እየተራመደ በእጁ ለሹፌሩ ምልክት ያሳያል። ቤቱ ካለፈ በኋላ ሰውየውን አናገርኩት፤ ሥራው ቤት ማንቀሳቀስ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው። ስልኩን ተቀብዬ ነበር፤ ለምን እንደተቀበልኩት ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ስልክ ላይ እኔ በአማርኛ ስናገር እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

“ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ?”

“አዎ፣ ሲሪየስ ነኝ፤ የምሬን ነው።”

“ኢትስ ኤ ሀውስ!”

“ቤት መሆኑን ዐውቃለሁ። ቤት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።”

በማግስቱ ለሰውየው ኮል አደረግኩለት። መጣ፤ ቤዝመንት ገብቶ በባትሪ መብራት እያየ፣ በጥፍሩ እንጨቱን እየጫረ ግማሽ ቀን ቆየ። ሲወጣ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ፊቱ ግን በርቶ ነበር። “የድሮ ሰዎች እንጨት ሲመርጡ ዐዋቂ ነበሩ” አለኝ። “ጭስ ማውጫውን አፍርሰን እዚያ መልሰን እንሠራዋለን። የቀረው ሙሉ ይሄዳል።” ይህን ይዤ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ለአንድ በሽተኛ ጥርስ እየሞላ ነበር፤ ጠበቅኩት። ሲጨርስ ሰማኝ፤ አሁን አልሳቀም። “አባላቱ ይወስኑ” አለ።

ስብሰባው የተደረገው በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ነበር፤ የእኛው ገና አልደረቀም። ወጥ ሠሪዋን መጥተው እንዲናገሩ ለመንኳቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ በከዘራ ይሄዳሉ። “ለዚያ ቤት ጥብቅና የምቆም መሰለሽ?” አሉኝ በስልክ። “የመሰለዎትን ይናገሩ፤ ብቻ ይምጡ” አልኳቸው።

ሊቀመንበሩ ሥዕሉን አሳየ። ቤት አንቀሳቃሹ አጭር ማብራሪያ ሰጠ። እኔም ተናገርኩ። ቤቱን ሁላችሁም ትወዱታላችሁ፤ ልጆቻችሁን እዚያ ድራችኋል፤ ወላጆቻችሁን ቀብራችሁ መጥታችሁ እዚያ ተቀምጣችኋል፤ መስታወት ውስጥ ተቀምጣችሁ ይህን ቤት ብትናፍቁ ማንም መልሶ ሊሠራላችሁ አይችልም አልኩ። ጥሩ ንግግር ነበር። ስብሰባውን ያዞረው ግን የእኔ ንግግር አይደለም።

ወጥ ሠሪዋ ከኋላ ወንበር ተነሱ። ማይክ ሲያቀብሏቸው አልፈልግም አሉ።

“እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽም” አሉ። “እናቴ በዚያ ቤት ውስጥ አርጅታለች፤ አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብላ ውሃ እንኳ አልጠጣችም። አንዳንዶቻችሁ ይህን ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አታውቁም። እናንተ ስታፈርሱት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ትናንት ግን የልጅ ልጄ፣ እናትሽ የት ነበር የምትሠራው አለችኝ። ብታፈርሱት የማሳያት ሣር ነው። በሣር ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ ባወራ ማን ያምነኛል? ቤቱ ይኑር። ይኑርና ውስጡ የሆነውን እናውራ።”

ተቀመጡ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። በጥቂት እጆች ብልጫ “ይነሳ” ተባለ። ሊቀመንበሩ እጁን ያወጣው ለተቃውሞ ነው። ነገር ግን ስብሰባው ሲያልቅ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ “እንግዲህ ከተወሰነ እንዳይሰበር አድርገን እንሥራው” አለኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም እንደ እሱ የደከመ ሰው የለም።

ቤቱን ባዶ አደረግነው። አባላቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ጭስ ማውጫውን አንድ በአንድ ጡብ አወረዱት። ቤት አንቀሳቃሹ መሠረቱን በስቶ ከወለሉ ሥር ረጃጅም ብረቶች አሳለፈ፤ ከዚያ ክሪኮቹ ሁሉ እኩል መነሳት ጀመሩ። ቤቱ ሲለቅ የሰጠው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ሰው ከረጅም መቀመጥ በኋላ ሲነሳ ወገቡ የሚንቋቋው ዓይነት ነው። ከመሠረቱ በላይ ብርሃን በዚህ ገብቶ በዚያ ሲወጣ አየሁ። ሊቀመንበሩ እጄን ያዘኝ፤ እንደያዘኝም አላወቀም።

የተንቀሳቀሰበት ቀን ከተማው በሙሉ ወጣ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መኪናቸውን አሰልፈው ቆሙ፤ ሰው ወንበር ይዞ መጥቶ ሜዳው ዳር ተቀመጠ። ቤቱ በጎማ ላይ ሆኖ፣ ሕፃን ከሚሄደው ባነሰ ፍጥነት፣ አረንጓዴውን ሣር እያቋረጠ ይሄድ ጀመር። እኔ ከጎኑ እየተራመድኩ ነበር። መሀል ሜዳ ላይ ሲደርስ ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደና አፈሩን ላላ አደረገው። አንደኛው ጎማ ሰመጠ። ቤቱ በአንድ በኩል ትንሽ ዘመም አለና ቆመ።

“አትንኩት!” አለ ቤት አንቀሳቃሹ። ሁሉን ነገር አስቆመ። “መሬቱ እስኪደርቅ እንጠብቃለን።”

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ አጠገቤ ነበረች። ቀስ ብላ በጆሮዬ፣ “ማሚ፣ ኢትስ ስታክ” አለችኝ።

“መቀርቀሩ ታይቶኛል” አልኳት። የዚያን ጊዜ ብቻ ነው የፈራሁት። ቢወድቅ ማን እንደሚወቀስ ዐውቅ ነበር። ግን ፊቴ ላይ ምንም አላሳየሁም፤ የሰዉ ሁሉ ዓይን ከቤቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ቤቱ እየተመላለሰ ነበርና። ለተሰበሰበው ሰው ሳንድዊች እንዲታደል አዘዝኩ።

ቤቱ ሳምንቱን በሙሉ መሀል ሜዳ ላይ ተቀመጠ። አባላቱ ጨዋታቸውን ስላልተዉ በዙሪያው መጫወት ቀጠሉ። በዚያ ሳምንት የፎቁ መስኮቶች በኳስ ተሰበሩ፤ አንደኛውን የሰበረው ሊቀመንበሩ ራሱ ነው። ኳሱ ከድሮዎቹ መኝታ ቤቶች አንዱ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ እንዴት ይቆጠር ተብሎ ትልቅ ክርክር ተነሳ። የእበቱን ሕግ አስታወስኳቸው፤ አንስቶ ይምታ አልኩ። በመስኮት ሊመታው መሰላል ሲጠይቅ ግን ከለከልኩት።

መሬቱ ሲጠነክር ቤት አንቀሳቃሹ ወፍራም ጣውላና ላሜራ አነጠፈ። ጎማው ከተቀበረበት ወጣ፤ ቤቱም ቀጥ አለ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ኮረብታው ላይ ነበር።

እዚያ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ተነሳ። አዲሱ መንገድና የመኪና ማቆሚያው የሚሆኑት በኮረብታው በስተጀርባ ነው። ቤቱ እንደመጣ ቢያርፍ በረንዳው ሜዳውን፣ ወጥ ቤቱና ጠባቧ በር ደግሞ መንገዱን ያያሉ። ሊቀመንበሩ ተጨነቀ።

“ማዞር ይቻላል?” አለው ቤት አንቀሳቃሹን።

“ይቻላል። ግን ለቤቱ አይመከርም፤ ብዙ ተንገላቷል።”

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ አላሰብኩም። “እንዳለ ይረፍ” አልኩ። “በረንዳው ሜዳውን ማየት አለበት። እንግዳ በወጥ ቤቱ በኩል ይግባ፤ በሩን እናሰፋዋለን።”

ሊቀመንበሩ የተናገርኩትን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው በሩን ቆሞ አየውና፣ “ሁላችንም በዚያ ልንገባ ነው” አለ።

“ሁላችንም” አልኩት።

ከዚያ የቤቱን ታሪክ ጽፈን መግቢያው ላይ እንስቀል ተባለ፤ መጻፉ ለእኔ ተሰጠ። ከገበሬው ጀምሬ፣ ላሞቹን፣ የሴቶቹን በረንዳ፣ እሳቱን፣ ደወሉን የደወሉትን ሴትና ማን በየትኛው በር ይገባ እንደነበር ጻፍኩ። ልጄ እንግሊዝኛውን አቃናችልኝ። ቦርዱ ሲያነበው አንዳንዶቹ ተቁነጠነጡ።

“ጊዜው እንደዚያ ነበር የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብንጨምር?” አለ ሊቀመንበሩ። “የቀደሙት ሰዎች ክፉ እንዳይመስሉ።”

“ጊዜ በር አይዘጋም” አልኩት። “የዘጉት ሰዎች ናቸው። ክፉ ናቸው አላልኩም፤ ያደረጉትን ነው የጻፍኩት።”

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አባቱና አያቱ በዚያ ትልቅ ፎቶግራፍ ላይ ጥላሸት ለብሰው ከቆሙት መካከል እንደነበሩ ያን ዕለት ነው የነገረን። ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ። “እንደጻፍሽው ይሁን” አለ።

ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ቅዳሜ የመጀመሪያው ሠርግ ተደረገ፤ ሙሽራዋ ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው አሌክሳንድሪያ፣ ሙሽራው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለቱም የእኛ አገር ልጆች። የጎልፍ ዱላቸውን የያዙ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ቆመው እስክስታ ሲያዩ፣ አንዷ የሙሽራዋ አክስት ሊቀመንበሩን እጁን ይዛ መሀል አስገባችው። ትከሻው አልታዘዝ ቢለውም እስከ መጨረሻው ተወራጨ። ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ያልተያዘ ቀን የለንም።

ወጥ ሠሪዋን የጋበዝኳቸው ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ ጸጥ ባለ ረቡዕ ለምሳ ነው። ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። በሰፋው በር አጠገብ ቆመው የተጻፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀስ ብለው አነበቡ፤ የእናታቸው ስም ላይ ሲደርሱ በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ከዘራቸውን ለልጅቷ ሰጥተው፣ የእኔን ክንድ ይዘው ገቡ። ሜዳውን የሚያየው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳቸው። አዲሱ ወጣት ወጥ ሠሪ ሾርባውን ራሱ ይዞ መጣ፤ ማን እንደሆኑ ነግሬው ነበር።

አንድ ማንኪያ ቀመሱ። አሰቡ። ሌላ ቀመሱ።

“እንዴት ነው?” አልኳቸው።

“ጨው ያንሰዋል።”

“ወስጄ ላስጨምር?”

“ተዪው” አሉኝ፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብለው። “ዛሬ እንግዳ ነኝ። ያ ልጅ ራሱ መጥቶ ያስተካክለው።”

ልጁን ጠራሁት። ጨው ይዞ እየሮጠ መጣ።